ሙህዲን ምላጩን ያስቀመጠበት ምክንያት

ሙህዲን ከሚሴ ውስጥ ፊደል ገልብጦ በመጻፍ እንጀራውን የሚበላ ብቸኛ ሰው ነበር። ሥራው ማኅተምና የስም ቲተር መቅረጽ ነው። የጫማ ሶል ላስቲክ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ስም ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱን ፊደል ፊቱን እያዞረ ይጽፋል፤ ከዚያ ትርፍ ትርፉን በምላጭ ልጦ ያነሣና ከእንጨት እጀታ ጋር ያጣብቀዋል። ነገሩ የሚቃናው ወረቀት ላይ ሲመታ ብቻ ነው። ደርግ ወድቆ ዞኑ ሲቋቋም ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ማኅበሩ ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም አዲስ ማኅተም ፈለገ። ያኔ የሙህዲን እጅ ለአንድ ቀን እንኳ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የቀበሌ ሊቀ መንበሮች በጠባቧ ሱቁ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁት ቀና ብሎ እንኳ አያያቸውም ነበር። እውነቱን ለመናገር ኩራቱ ትንሽ አልነበረም። "እኔ ካልቀረጽኩ የከሚሴ ሰው መታወቂያ የለውም" ሲል ሰው ይስቅበታል እንጂ ዋሸ የሚለው አልነበረም።

ሴት ልጁ ሚስራ ከሱቁ አትጠፋም። ታላቅ ወንድሟ ኢርፋን ኳስ ሲያባርር ይውላል፤ እሷ ግን ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ የተላጠ ላስቲክ እየለቀመች እጁን ታያለች። በ1991 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ገባች። ኅዳር ላይ መምህሯ ጀሚል አባቷን አስጠራው።

መምህር ጀሚል ደብተሯን ዘርግቶ አሳየው። 3 ቁጥር አፉን ወደ ቀኝ ከፍቷል፣ 7 ቁጥር ጀርባውን ሰጥቷል። ኦሮምኛ በሚጻፍበት በቁቤ ስሟን የጻፈችው ደግሞ ከመስመሩ ቀኝ ጫፍ ተነሥታ፣ ፊደሎቹን ሁሉ ገልብጣ ነው። ሙህዲን ያለ ምንም ችግር አነበበው። እንዲያውም አጻጻፏ ደስ አሰኘውና ሳያስበው ፈገግ አለ።

"አይሳቅም፣ አያ ሙህዲን" አለ መምህሩ። ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። "በዚህ ከቀጠለች አታልፍም። መጀመሪያ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ያስለመዳት ቁርዓን ቤት ነው ብዬ ነበር።"

"ኢርፋንም እዚያው ነው ቁርዓን የቀራው። እሱ እንዲህ አይጽፍም።"

"እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ኢርፋን ሱቅ አይውልም። እሷ ስታይ የምትውለው የእርስዎን እጅ ነው። ልጅ ያየውን ነው የሚይዘው።"

ነገሩ እውነት ይመስል ነበር፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ሙህዲን ደብተሩን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ መንገድ ላይ "አካም ኦልቴ" ብለው ሰላም ያሉትን ሰዎች እንኳ በቅጡ አልመለሰላቸውም።

በማግሥቱ ሚስራን ሱቅ እንዳትመጣ ከለከላት። ልጅቱ በሩ አጠገብ ቆማ ስታለቅስ ጀርባውን ሰጥቷት ቀረጸ። አንድ ወር እንዲህ አለፈ። 3 ቁጥር ግን ያው ነው፣ አፉን ወደ ቀኝ ከፍቶ ቀርቷል። ሚስቱ ኡሚ "ትንሽ ልጅ ናት፣ ተዋት እስቲ" ትለዋለች። እሱ ማታ ማታ ደብተሩን እየገለጠ የራሱን ጽሕፈት ያይበታል። እሱ ራሱ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ሚስራ ግን እንድትማር፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ማኅተም የምትመታ ሰው እንድትሆን ነበር ምኞቱ።

"ይህን ሥራ እስካልተውኩ ድረስ አይለቃትም" አለ አንድ ቀን። "ደሟ ውስጥ ገብቷል።"

"ታዲያ ምን ልንበላ ነው?" አለች ኡሚ።

"ረዛቁ አላህ ነው፤ እሱ ያበላናል።"

ጥር ላይ ምላጩን አስቀመጠ። ሱቁን ለሌላ ሰው ለቀቀ። ለምን ብሎ ለጠየቀው ሁሉ "ዓይኔ ደከመ" አለ፤ እውነተኛው ምክንያት ልጅቱ ጆሮ ገብቶ እንዳያሳፍራት ነው። ከዚያ ወፍጮ ቤት ገባ። ከጨፋ ሜዳ የሚመጣውን ማሽላና በቆሎ እያነሣ የወፍጮው አፍ ውስጥ ይጨምራል። ትናንት በሱቁ በር ቆመው ይጠብቁት የነበሩ ሰዎች ዛሬ "ቶሎ በል እንጂ" ይሉታል። ጆሮው በሞተሩ ጩኸት ደነዘዘ። በሁለተኛው ዓመት ሳል ያዘው፣ ያዘውና አልለቀቀውም።

ግን ሚስራ ተቃናች። ምላጩን ባስቀመጠበት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ 3 ቁጥር ዞረ፣ ስሟም ከግራ ተነሣ። መምህር ጀሚል "አዩ?" በሚል ዓይን አየው፤ ሙህዲን "አልሀምዱሊላህ" አለ። ከዚያ ወዲህ ሳሉ ሲጠናበት፣ የኮምፒውተር ማኅተም ከደሴ ሲመጣና እጁ ሲያሳክከው፣ አንድ መጽናኛ ነበረው፦ ለልጄ ነው። ይቺን ቃል ለማንም ባይናገራትም አሥራ ሁለት ዓመት የኖረው በእሷ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ሚስራ ደሴ መምህርነት ተምራ ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ለልምምድ ከሚሴ ተመደበች። አንድ እሑድ ከሰዓት የአንደኛ ክፍል ደብተሮች ቆልላ ታርማለች። ከመካከላቸው አንዱን አንሥታ ሳቀች። "አባ፣ ይሄን እይልኝ።"

ሙህዲን አየ። 3 ቁጥር አፉን ወደ ቀኝ ከፍቷል።

"አባቱ ሥራው ምንድን ነው?" አለ።

"የማን? የልጁ? ገበሬ ይመስለኛል። ምነው?"

"እንዲያው ነው።"

"እሱ ብቻ መሰለህ? ከክፍሉ አሥራ ስምንቱ እንዲህ ነው የሚጽፉት። ትንሽ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው ብለው አስተምረውናል። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ይተዉታል።"

"ምን ሲደረግላቸው?"

"ምንም። ዝም ብሎ ይተዋቸዋል።"

ሙህዲን ደብተሩን አጥፎ ክምሩ ላይ መለሰው። ኡሚ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኑ ዝም አሰኛት።

"እኔስ አባ፣ እንዲህ እጽፍ ነበር?" አለች ሚስራ፣ እስክሪብቶዋን ሳታነሣ።

"እንደ ማንኛውም ልጅ ነበርሽ" አላትና ሳሉ መጣበት። ደጅ ወጣ።

ኡሚ ተከትላው ወጣች። ግድግዳውን ተደግፎ አገኘችው። አሥራ ሁለት ዓመት ለልጄ ነው ያለው ሁሉ ለማንም አልነበረም፤ ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ። ሲያነባ ስታየው በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው።

"ልንገራትና ታመስግንህ" አለችው።

"ተይ፣ ወላሂ እንዳትነግሪያት" አለ። "ካወቀች ስትሸከመው ልትኖር ነው። ይቺን እንኳን ለእሷ ብዬ ላድርግላት።"