የወንድሜን ሕመም የደበቁኝ ሰዎች

ታላቅ ወንድሜ ሊሞት አልጋ ይዞ ነበር። አገር ቤት ሆሳዕና ያለው ዘመድ ሁሉ ያውቃል። እዚህ ጆሃንስበርግ የእድራችን ሰው ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ቆሞ የሚዘምረው ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እስካሁን ነገሩን ባነሳሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ ነው። አጻጻፌ ቢወላገድ ታገሡኝ፤ ነገሩ ግን አልተወላገደም።

መርዶን እንደኛ የሚያከብር የለም። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ ወዲያው አንነግርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ሰውየው ብቻውን ሰምቶ እንዳይወድቅ፣ የሚደግፈው ክንድ እንዲያገኝ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። እኔም ስንቱን በር አንኳኩቻለሁ። ክሊፕታውን ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ያለው አንድ የአገራችን ልጅ አባቱ ሲሞት "ስብሰባ አለ" ብለን ሱቁን አስዘግተን፣ ሜይፌር ድረስ አምጥተን ነው ያረዳነው። ሥርዓቱ ጥሩ ነው፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ግን መርዶ ለሞተ ሰው ነው። ገና ለሚተነፍስ ሰው መርዶ ምን ይሠራል? የኛ ሰዎች ሥርዓቱን እየሳቡ እየሳቡ ሕመም ላይ አደረሱት። አሁን አንድ ሰው ሲያስነጥሰው ለወንድሙ አይነገርም።

ሴት ልጄ ይህን ነገር ከኔ በፊት ጠልታዋለች። በእቅፍ መጥታ እዚህ ያደገች ናት። እናቷ ለሕክምና አገር ቤት ሄዳ፣ እኔም ላስታምም ተከትያት ሄጄ፣ እዚያው አረፈችብኝ። ልጄ ያኔ የመጨረሻ ክፍል ፈተና ላይ ነበረች። የእድሩ ሽማግሌዎች "ፈተናዋን ትጨርስ" ብለው እዚህ ወሰኑ፤ እኔ እዚያ አስከሬን ላይ ነኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ልጅቱ ፈተናዋን ጨርሳ ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ቤት ስትገባ ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ ጠበቃት። "ዳቦ የሚሸጥልን ሰውዬ እንኳ ያውቅ ነበር" ትላለች እስከ ዛሬ። "እየሳቅኩ ነው ዳቦ የገዛሁት።" ከዚያ ወዲህ ልቧ ከኛ ሰው ተቆረጠ። ሰርግ አትሄድም፣ ለቅሶ አትደርስም። አማርኛ ትሰማለች፤ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

ያገባችው ሰው ደግሞ ኮሪያዊ ነው። ኮሪያዊ የምለው ለአፌ ነው እንጂ እዚሁ ያደገ፣ ከደንበኛ ጋር በዙሉ የሚቀልድ፣ የአባቱን ቋንቋ ሲሰማ ግን ፊቱ የሚጠቁር ሰው ነው። ኮሪያ ያለችውን አያቱን ካንሰር ሲይዛት ቤተሰቡ ከእሷም ከእሱም ደበቁ። "ጉንፋን ነው" ይሉት ነበር። የሰማው ከተቀበረች በኋላ ነው። ከአባቱ ጋር ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። በዓላቸው ሲመጣ ለሞቱት ወገኖቻቸው ማዕድ ዘርግተው ይሰግዳሉ አሉ፤ እሱ የበኩር ልጅ ስለሆነ ከፊት ሆኖ መስገድ ነበረበት።

"በሕይወት ሳለች እንዳልሰናበታት ከለከሉኝ" አለኝ አንድ ቀን። "ከሞተች በኋላ ምግብ አቅርብላት ይሉኛል።"

ይህች ንግግሩ ገባችኝ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

እነሱ ቤት እራት ስጠራ ሁለቱ የአባቶቻቸውን ወግ ይቀባበላሉ። አንዱ "የኛዎቹ እኮ" ሲል ሌላዋ "የኛዎቹስ" ትላለች። እኔ መሃል ተቀምጬ ሥጋዬን አኝካለሁ። "የኛዎቹ የምትሉት እኔን ነው፤ ይኸው ተቀምጫለሁ" ስላቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። የበላበትን ወጭት የሚሰብር ሰው አልወድም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የእድራችን ዳኛ እጄን ይዞ አልለቅም አለ። ዳኛ የምለው መሪያችንን ነው፤ እኩያዬ ነው፣ አብረን ነው የመጣነው።

"ደም ግፊትህ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"መድኃኒቱን ትውጣለህ?"

"እውጣለሁ። ሐኪም ሆንክ እንዴ?"

"እግዚአብሔር ያበርታህ" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። በማግስቱ ሚስቱ ቆጮና ክትፎ ላከችልኝ። እኔ ሞኙ ተወደድኩ ብዬ ደስ ብሎኝ በላሁ። ስንት ሰው እንዲህ አድርጌ ያዘጋጀሁ ሰውዬ፣ በራሴ ሲመጣ አላወቅኩትም።

በዚያው ሳምንት፣ በሥራ ቀን፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ልጄና ባሏ ሱቄ መጡ። ሱቄ ጀፕስታውን አጠገብ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ልጄ ከሥራዋ ወጥታ በዚያ ሰዓት መጥታ አታውቅም።

"ባባ፣ ተቀመጥ" አለችኝ።

"ደንበኛ ይዣለሁ።"

"ወንድምህ እየሞተ ነው። ጉበቱ ነው። ዛሬ በሕይወት አለ። ነገን አላውቅም።"

እንዲህ ነው ያለችኝ። ደንበኛ ፊት፣ በቁሜ፣ በአንድ ትንፋሽ። ጮህኩባት። "እንዲህ ነው የሚነገረው? የሽንኩርት ዋጋ ነው የምትነግሪኝ?" አልኳት።

"ታዲያ ምን ልበልህ? ስብሰባ አለ ልበልህ?"

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእድሩ ዳኛ በዋዜማው ማታ ቤቷ ሄዶ "አባትሽ እንዳይሰማ። ሲሆን እኛ እናረዳዋለን፤ አንቺ ቤቱን አዘጋጂ" ብሏታል። እሷም "ሳይሞት ለምን ትደብቃላችሁ?" ብላ በር ከፍታ አሳይታዋለች። ቋንቋችንን የማትሰማ የሶዌቶ ደንበኛዬ የያዘችውን ብርድ ልብስ አስቀምጣ ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ።

ሄጄ እንዳላየው ልቤን ካመመኝ ወዲህ ሐኪም አውሮፕላን ከልክሎኛል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አፈር ሳይጫነው የወንድሜን ድምፅ መስማት።

ደወልኩ። የወንድሜ ትልቁ ልጅ አነሳ።

"ደህና ነው አጎቴ፣ አይጨነቁ። እርሻ ወጥቷል።"

"ሰማንያ ያለፈው ሰው? በዚህ ዝናብ?"

"አዎ። ደህና ነው።"

ዘግቼ ለሴቷ ልጁ ደወልኩ። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል አለችኝ። ለሦስተኛው ደወልኩ። ተኝቷል አለ። እርሻም ሄደ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሄደ፣ ተኛም፤ ሁሉንም በአንድ ሰዓት። ጤነኛ ሰው እንዲህ አይሮጥም።

ኮሪያዊው ብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጦ ይሰማል፤ ልጄ ትተረጉምለታለች። "እኔንም ገበያ ሄዳለች ይሉኝ ነበር" አለ። "ሊሞቱ ሲሉ ሁሉም እግረኛ ይሆናሉ።"

ልጄ ወደኔ ዞራ "አየህ ባባ? ይኸው ባህልህ" አለች።

"ዝም በይ። ባህሌን አንቺ አትሰድቢልኝም። ራሴ እሰድበዋለሁ።"

እንደተናደድኩ አሰብኩ። ወዳጅ ሁሉ ተማክሯል፤ ከወዳጅ እውነት አይገኝም። የማይወደን ማን አለ? የወንድሜ ጎረቤት አለ። ከወንድሜ ጋር በድንበር ባሕር ዛፍ ተጣልተው ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱ ናቸው። እኔን ደግሞ ወንድምህን ትደግፋለህ ብሎ በስልክ ሲሰድበኝ ኖሯል፤ ስለዚህ ቁጥሩ አለኝ። ደወልኩ።

"ማን ነው?"

"የጎረቤትህ ታናሽ ነኝ፣ ከጆሃንስበርግ።"

"ስለ ባሕር ዛፉ ከሆነ ነገሩ አልቋል።"

"ስለ ባሕር ዛፉ አይደለም። ወንድሜ እንዴት ነው?"

"ሊሞት ነው" አለ። "አልነገሩህም?"

"አልነገሩኝም።"

"ደደቦች" አለ።

"ስልክህን ይዘህልኝ ግባ።"

"እኔ? እዚያ ቤት ከገባሁ ስንት ዘመኔ።"

"ዛሬ ግባ። ነገ ብትፈልግ ተጣላ።"

ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማኛል። ውሻ ጮኸበት። የሆነች ሴት "ወዴት ነው?" አለችው። "ከወንድሙ ነው፣ ዞር በሉ" አለ። ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፣ የወንድሜ ትልቁ ልጅ ሊከለክለው ሲሞክር ሰማሁ፣ እሱም "ልጄ፣ እኔ የአባትህ ጠላት ነኝ፤ ጠላት አይለመንም" ሲለው ሰማሁ። ከዚያ የወንድሜ ትንፋሽ መጣ።

የተነጋገርነው በሀዲይኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

"ማን ነህ?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"አንተ አልሞትክም እንዴ?" አለኝ።

"ለምን እሞታለሁ?"

"አገናኙኝ ስላቸው አንዴ ኔትወርክ የለም ይላሉ፣ አንዴ ሱቅ ነው፣ አንዴ ተኝቷል። ሞቶ ነው የደበቁኝ ብዬ ሳለቅስልህ ሰነበትኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ እንዳያዩኝ።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው፣ ሕመሙ አንሶት፣ በቁሙ ላለ ወንድሙ ሲያለቅስ ሰነበተ። እኔን ከድንጋጤ እናድን ብለው እሱን በኀዘን ገረፉት። ደባቂ ሁሉ እኔ ብቻ ነኝ የምደብቀው ይላል። የሚደበቅበት ሰው ግን ያው ወግ ያሳደገው ነው፤ "ተኝቷል" ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ በር ሲያንኳኳ የኖረ ሽማግሌ ነበር። እሱን በዚህ ያታልላሉ?

ያን ጊዜ ግን አልተቆጣሁም። አወራን። ስለ ልጅነታችን አላወራንም፤ ስለ ላሚቱ አወራን፣ ስለ ጣራው ቆርቆሮ አወራን። መሃል ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይህ ሰውዬ ቤቴ ምን ይሠራል?" አለኝ።

"ስልኩ የሱ ነው።"

"ሲወጣ ባሕር ዛፉን እንዳይለካ ልጆቹ ይዩት" አለ። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ።

"ማን ነገረህ?" አለኝ ሳሉ ሲለቀው።

"ልጄ።"

"ስጣት።"

ልጄ ስልኩን ተቀብላ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "አጎቴ፣ እኔ ነኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም፤ ወደ ኮሪደሩ ይዛው ወጣች። ባሏ ሊከተላት ሲነሳ እጁን ያዝኩት።

ወንድሜ እሑድ ሳይደርስ አረፈ። የነገረኝ ያው ጎረቤቱ ነው። እኔም ለልጄ ነገርኳት፤ ሁለቱም መጥተው እኔ ጋ አደሩ። ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ስከፍት ደረጃው በሰው ተሞልቷል፣ የእድሩ ዳኛ ከፊት ነው።

"ወንድሜ" ብሎ ጀመረ፤ "የሰው ልጅ ሁሉ መንገዱ—"

"ሞቷል። ትናንት ነው። ግቡ።"

ፊቱ ወደቀ። እዚህ ላይ ነው የባሰብኝ፤ በሐዘኔ ሳይሆን በመቀደሙ ቅር አለው። ገብተው ተቀመጡ፣ አለቀስን፤ ልቅሶው ልቅሶ ነው። ኮሪያዊው ያለ ጫማ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ከኛ ጎረምሶች ይልቅ መቀመጥ ይችልበታል። ሻይ ሲዞር ግን ዳኛው ልጄን በዓይኑ ተከትሎ "ይህች ልጅ መመከር አለባት" አለ። "ሥርዓት አፈረሰች። ደም ግፊትህ ቢነሳ ኖሮ?"

"ያኔ አልተነሳም" አልኩት። "አሁን አንተን ሳይ እየተነሳ ነው።"

"ለጤናህ ብለን ነው ወንድሜ።"

"ወንድሜ እኔን ሞቷል ብሎ አልቅሶልኛል። ያን ያደረጋችሁት ለማን ጤና ነው? ልጄን የሚመክር ካለ መጀመሪያ ይህን ይመልስልኝ። እኔ ስታመም ደግሞ ከሷ የሚደብቅ ሰው ቀብሬ ላይ እንዳይቆም።"

አንዱ "እንጸልይ" አለ፣ ጸለይን።

ሰዉ ሲሄድ ልጄ ብርጭቆ እያጠበች "ለዚህ ነው የማልመጣው" አለችኝ። እሷንም አልማርኳትም። "እነዚህ ሰዎች ለሥራ ሊነሱ የሚተኟትን እንቅልፍ ትተው ከየሎኬሽኑ፣ ከየከተማ ዳሩ ሰፈር፣ መጥተዋል" አልኳት። "ለመምጣታቸው አመስግኚ። ለውሸታቸው ስደቢ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለሽ አትጣይ።"

"ከባድ ነው ባባ።"

"ከባድ ነው። እኔስ?"

ባሏንም ጠየቅኩት። "አባትህ ቢታመም ማን ይነግርሃል? እኔ እንኳ ባሕር ዛፍ የሚጣላ ጎረቤት ነበረኝ።" ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን በእጁ አገላበጠ። ደውሎ እንደሆነ አላውቅም። ቆይቼ ስጠይቀው "ባባ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ" አለኝ።

በቅርቡ የእድሩ ዳኛ ሱቄ መጣ። ከሐዘኑ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዞ ነበርና እርቅ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ጫማ የሚሸጠው የዱራሜ ልጅ እናቱ ብሶባታል አለኝ። ሲሆን ለማርዳት አብረን እንሂድ፣ አንተን ይሰማሃል አለ።

"ሞታለች?"

"ገና ናት። እስከዚያው እንዳይሰማ።"

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ገና ናት አላልክም?" አልኩትና ለዱራሜው ልጅ ደወልኩ።