ሰዓቱ የተስተካከለ ዕለት

ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ስማር ከአንዲት የቡሬ ገጠር ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ ጥያቄ ሁለቴ ሳታነብ መልስ አትነካም። አባቷ፣ "ዘንድሮ ካለፍሽ ትቀጥያለሽ፤ ከወደቅሽ ግን ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ" ብለዋታል። ቃሉ ለማን እንደተሰጠ ታውቃለች፤ አታወራውም እንጂ።

የዓመቱ ፈተና በኮምፒውተር ነበር፤ ፕሮግራሙን የጻፈው መምህራችን ነው። ለእሷ የደረሳት አሮጌ ማሽን ባትሪው የሞተ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ፈተናው ተጀምሮ ጥቂት እንደሄድን፣ ተቆጣጣሪው በጀርባዋ ሲያልፉ የተሳሳተውን ሰዓት ስክሪኑ ላይ አዩ። "ይኼማ ተሳስቷል" ብለው ጎንበስ አሉና አስተካከሉላት። ወዲያው ስክሪኑ "የፈተናው ጊዜ አልቋል" ብሎ ተዘጋ።

እጇን ከኪቦርዱ ላይ ሳታነሣ ቀረች።

መምህሩ ተጠርቶ መጣ። ማሽኑን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ፕሮግራሙ ያለፈውን ጊዜ የሚያሰላው ሰዓቱን እያየ ነው። ሰዓት ደግሞ ሰው ይቀይረዋል፤ ሲስተካከል ብዙ ዓመት ያለፈ መሰለው። ማሽኑን የሚያሠራው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ውስጥ፣ ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ብቻውን የሚቆጥር፣ ማንም የማይነካው ሌላ ቆጣሪ አለ። እሱን መጠየቅ ነበረብኝ።"

ተያይዘን ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባን።

"ለአንዲት ልጅ ተብሎ ፈተና አይከፈትም" አሉ። "ማሽኑ አልቋል ካለ አልቋል።"

"ጌታዬ፣ አልቋል ያስባልኩት እኮ እኔ ነኝ!" አለ መምህሩ።

"እንግዲያው ለሚመጣው ዓመት አስተካክለው።"

ቤት ገብታ ልብሷን አጣጠፈች። አላለቀሰችም። "አባባን ምን ልበላቸው?" አለችኝ። "ሰዓት ተስተካከለ ልበላቸው?" በማግስቱ በጋሪ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት።

መምህሩ ፕሮግራሙን በክረምቱ እንደገና ጻፈው። አዲስ ዓመት ሲገባ ጊዜ የሚቆጥረውና ሰዓት የሚናገረው ለምን ለየብቻ እንደሚቀመጡ ሰሌዳው ላይ እየሣለ አስረዳን። መሀል ላይ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ሄደ። አብዛኛው ተማሪ ምክንያቱን አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ያየኋት አንዴ ብቻ ነው፤ ቡሬ ገበያ ውስጥ፣ ልጅ አዝላ። ከስታለች። ስለ ትምህርት ላነሣ ስል፣ "እህል ቀምሰሻል?" ብላ አቋረጠችኝ። ከእሷ በዕድሜ ብዙ የሚበልጥ ሰው ከበቆሎ ጆንያ አጠገብ ሆኖ ጠራት። ነጠላዋን አጥብቃ፣ ደህና ሁኚ ሳትለኝ ወደ እሱ ሄደች።