ከልጅቷ አባት ኋላ በብስክሌት

በኮልፌ ከእኔ የበለጠ ብስክሌት ነጂ ነበር የሚል ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። አይመጣም። በጃንሆይ ጊዜ፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር መግባት ሳይጀምር፣ አየር ጤና ደርሼ እስክመለስ ድረስ ስሄድ የጀመርኩት ዘፈን አያልቅም ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ወድቄ ተነስቼ ነው የተማርኩት። ፀጉር ማስተካከልንም ቢሆን ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። መጀመሪያ በጓደኞቼ ራስ ላይ ተለማመድኩ፤ ጓደኞቼ ሲያልቁብኝ ሱቅ ከፈትኩ።

ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ምን አለው መሰላችሁ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው መሄጃ የለውም። ምላጭ አንገቱ ላይ ስላለ የተወራለትን ሁሉ ይሰማል። እኔም አወራ ነበር። ከደንበኞቼ ሁሉ የሚያስፈሩኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ከሱቄ ማዶ ክር የሚሸጡ፣ በወጣትነታቸው ከጅማ በኩል መጥተው ኮልፌ ላይ ያረጁ ነጋዴ። የሚያስፈሩኝ ልጃቸውን ስለምወድ ነው። እሷም ትወደኛለች፤ ማን አይወደኝም? ግን ቁርጡን ነግራኛለች።

«አባባ ካልወደዱህ ቀረ» አለችኝ። «አባቴን አስቀይሜ አንተን አላገባም። ስለዚህ ምላስህን ቀንሰህ ተወደድ።»

እሳቸውም ብስክሌት ነበራቸው፤ ከአንድ ጣሊያን የገዟት ጥቁር ብስክሌት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባርኔጣቸውን ደፍተው በአስፋልቱ እስከ አስኮ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ለንግድ አይደለም፣ ዘመድ ጥየቃም አይደለም፤ እንዲያው ለመሄድ። ደግሞ አካሄዳቸው! ከኋላቸው የምትመጣ አህያ ደወል ቢኖራት ኖሮ ታቃጭልባቸው ነበር።

አንድ ቀን እንደተለመደው ወንበሬ ላይ ተቀምጠው እኔ እለፈልፋለሁ።

«በአምቦ መንገድ አውቶቡስ ቀድሜያለሁ ጋሼ!»

«አውቶቡሱ ቆሞ ነበር?»

«ኧረ ይሄድ ነበር!»

«ወደ የት?»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁብኝ። እሳቸው አልሳቁም። በመስተዋቱ ውስጥ አዩኝና «እስቲ እሁድ አብረን እንውጣ» አሉ። «መሄድ ትችል እንደሆነ ልይህ። መሮጥማ ውሻም ይሮጣል።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ሮጣ መጣች። «ይሄ ሽርሽር እንዳይመስልህ፤ ሊመዝኑህ ነው» አለችኝ። «እባክህ እንዳትቀድማቸው።»

መቼም እንደምታውቁት በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን መንገድ ላይ እየጣለ አይሄድም። የግድ ማለፍ ካለበት ባርኔጣውን አንስቶ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ «ይቅርታ» ብሎ ነው የሚያልፈው። እናቴ ይህንን በኩርኩም ነው ያስተማረችኝ፤ ስለዚህ አይረሳኝም።

ቅዳሜ ብስክሌቴን አጠብኩ። ታጥባ ስታበቃ አሁንም የሰው ብስክሌት መሰለችኝ፤ የእኔ ብስክሌት ማብረቅ አለባት። ለሙሽሮች ብቻ የማወጣው የውጭ አገር የፀጉር ቅባት ነበረኝ። እሱን በጨርቅ እያነሳሁ መሪዋን፣ ወገቧን፣ የጎማዋን ብረት ዙሪያውን አሸሁት። ፊቴን አየሁባት። ሽታዋማ ልትዳር የተዘጋጀች ነው የሚመስለው! ፍሬን የሚነክሰው ያንኑ የጎማውን ብረት መሆኑን የማያውቅ ብስክሌተኛ አለ? አለ። በዚያን ጊዜ በኮልፌ አንደኛ የሚባለው ብስክሌተኛ፣ እኔ ራሴ።

እሁድ ወጣን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በዝግታ መንዳት ከመብረር እንደሚከብድ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ብስክሌት ሲዘገይ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። እኔ መሪውን እንደ እባብ አንገት ይዤ ስታገል እሳቸው ወንበር ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ደግሞ ሰው ባገኙ ቁጥር ይወርዳሉ። እሳቸው ሲወርዱ እኔም እወርዳለሁ። «እንዴት አደሩ? ልጆች ደህና? ያ ወገብዎ ተሻለዎ?» ወገቡ እስኪተረክ ቆመን እንሰማለን። ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ወርደው ይሳለማሉ፤ እወርዳለሁ፣ እሳለማለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የወረድኩትን ያህል በሕይወቴ ወርጄ አላውቅም።

እንዲህ እየሄድን ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች በአስፋልቱ ጠርዝ ሲያልፉ እሳቸው አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ያቺን ቀይ ጥለት አየሃት?»

«የቷን ጋሼ?»

«ከባሕር ዛፉ ሥር ያለችውን። ክሩ ከእኔ ሱቅ የወጣ ነው። ያኛውም አረንጓዴ የእኔ ነው። ሮጠህ ብታልፍ ይህንን ታይ ነበር?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላይም ነበር። ስንት ዓመት በተመላለስኩበት መንገድ ዳር ወንዝ መኖሩን እንኳ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ነፋሱ ደስ ይላል፣ አስፋልቱ በሙቀት መሽተት ጀምሯል፣ እሳቸው ከፊቴ በለሆሳስ ያዜማሉ። እየወደዱኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም፣ ሳላስበው፣ ልጅቷን ረስቼ ሽማግሌውን መውደድ ጀመርኩ።

አስኮ ልንደርስ ስንል ወደ ድልድዩ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። እሳቸው ፍሬናቸውን እየያዙ በዝግታ ወረዱ። እኔም ፍሬኔን ያዝኩ። ብስክሌቴ ግን ማበጠሪያ በተቀባ ፀጉር ላይ እንደሚንሸራተተው ሙልጭ ብላ ሄደች። ደግሜ ያዝኩ፤ ጭራሽ ፈጠነች። የጋሼ ጀርባ እየቀረበ መጣ። ከኋላ ብገጫቸው ልጅቷ የለችም፤ ብቀድማቸውም ልጅቷ የለችም። መግጨት ይብሳል አልኩና በጎናቸው አዘነበልኩ።

ልክ ትይዩ ስንሆን ግን የእናቴ ኩርኩም ታወሰኝ። እንዴት አድርጌ ዝም ብዬ ልለፋቸው? በቀኝ እጄ ባርኔጣዬን አነሳሁ፣ ግራ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ አንገቴን ሰብሬ «ይቅርታ ጋሼ፣ ልለፍ!» አልኩ።

መሪውን ማን ይዞት ነበር? ማንም አልያዘውም።

አስፋልቱን ለቅቄ፣ ቦዩን ዘልዬ፣ ወንዝ ዳር ያለ የጎመን መደብ ላይ ተዘረጋሁ። ጎመኑ ባይኖር ይህንን የሚያወራላችሁ ሌላ ሰው ነበር። አንዲት ሴትዮ ለምሳ ጎመን እየቀነጠሰች ኖሮ ከመደቡ ብድግ አለችና ኮሌታዬን ጨመደደችኝ።

«አንተ! ከሰማይ ነው የወረድከው?»

«ከኮልፌ ነው እትዬ።»

«ኮልፌ የሚወደቅበት ቦታ ጠፋ? ዋስ ጥራ! ዋስ ሳትጠራ ንቅንቅ አትልም!»

መብቷ ነው። የሰው ንብረት ያጠፋ ሰው፣ አውቀዋለሁ የሚል ዋስ ካልቆመለት አይለቀቅም። እኔ ደግሞ አስኮ ውስጥ ከአንድ ሰው በቀር የማውቀው የለም። ቀና ብዬ አየሁ። ጋሼ ብስክሌታቸውን ድልድዩ ላይ አስደግፈው፣ ሱሪያቸውን አራግፈው፣ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። «የማነው፣ አላውቀውም» ቢሉ እኔም አበቃልኝ፣ ትዳሬም አበቃለት። ደርሰው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«እንዴት ዋልሽ እመቤት? ቤተሰብ ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ይመስገን። ዝናቡ አልጎዳችሁም?»

«ይመስገን፣ ደህና ነን።» ይመስገን ባለች ቁጥር ኮሌታዬን ታጠብቀዋለች። በመጨረሻ ነቀነቀችኝና «ይሄን ያውቁታል?» አለቻቸው።

አዩኝ። ጆሮዬ ላይ የጎመን ቅጠል አለ፣ ጉልበቴ ተልጧል፣ ባርኔጣዬ ግን አሁንም በቀኝ እጄ እንደተያዘ ነው።

«አውቀዋለሁ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

«ምንዎ ነው?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉ፣ መልሰው ደፉ።

«አማቼ ነው» አሉ።

ሴትዮዋ ከእኔ እኩል ደነገጠች። «ውይ! ልጅዎን ድረውለታል?»

«ልድርለት ነው።»

«እግዜር ይርዳዎት» አለችና ኮሌታዬን ለቀቀችው። ቅዳሜ መጥቼ የሰባበርኩትን በችግኝ ልተካ ተስማማን።

የፊት ጎማዬ ስምንት ቁጥር ሆኖ ስለነበር ብስክሌቴን ተሸክሜ ዳገቱን ተያያዝኩት። እሳቸው የደህናዋ ብስክሌት ባለቤት ሆነው ሳለ ከጎኔ እየገፉ በእግራቸው ይሄዳሉ። ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ቅድም ያሉት...»

«የቱን?»

«አማቼ ነው ያሉትን።»

«ምን ልበላት ታዲያ? ፀጉር አስተካካዬ ነው ብላት ትለቅህ ነበር?»

ልቤ ከጎመኑ በታች ወደቀ። ጥቂት እንደሄድን ግን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አስተካክያቸው ሲስቁ አላየኋቸውም።

«አንገትህን ልትሰበር ስትል ባርኔጣ ታነሳለህ? ቂል!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ለእኔ እንዲህ ከሆንክ ልጄን አትንቃትም። ሽማግሌ ላክ።»

«እልካለሁ ጋሼ! እልካለሁ!»

«በእግራቸው ይምጡ።»

ያን ዳገት ብስክሌት ተሸክሞ፣ ጉልበቱ እየደማ፣ እየዘፈነ የወጣ ሰው ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም የለም።