የሽማግሌው ጃኬት ገበር

ትናንት ጠዋት፣ እዚህ ውጭ አገር ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ከምሠራበት የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ ነበር... ያውም በአዲስ ቀሚስ።

ያገባኝ ደግነቴ ነው። ሰኞ ዕለት አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ እጅጌው የተተረተረ ወፍራም ነጭ ጃኬት አመጡ። «ስፌቱን ብቻ፣ ዓርብ እፈልገዋለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

እኔ ደግሞ «ብቻ» ሲሉኝ አይሆንልኝም። ገልጬ ሳየው ውስጡ እንደ ቺፕስ ከረጢት የሚያብረቀርቅ ስስ ላስቲክ ተደራርቧል... ሰባት ድርብ! በየመሃሉ ደግሞ መረብ የመሰለ ጨርቅ አለ።

አንጀቴን በሉት። ብርድ ሲያንገላታቸው ያገኙትን ላስቲክ ሁሉ የጠቀጠቁ መሰለኝ። አውጥቼ ጣልኩና ጥጥ ያለው አዲስ ገበር አስገባሁላቸው። ለነፍሴ ብዬ፣ በነጻ።

ትናንት መጡና እጅጌውን ጫን ጫን አደረጉት።

«የሚንኮሻኮሸው የት ሄደ?»

«ጣልኩት አባባ። ይሄ ይሞቅዎታል!»

ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ለካ ሰውዬው በወጣትነታቸው የጠፈር ልብስ ሰፊ ነበሩ! ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንኮራኩር ወጥቶ ጠፈር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ከሐሩሩም ከብርዱም የከለለው እንዲህ ያለ ድርብርብ ነው። ይሄንን ደግሞ ለተማሪዎች ማሳያ ብለው በእጃቸው የሠሩት ነው።

«ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጆቹ ይጠብቁኛል» አሉኝ። በጣም አፈርኩ።

እየሮጥኩ ስወጣ የቆሻሻ መኪናው እየተጠጋ ነው። «ስቶፕ! ስቶፕ!» እያልኩ ዘልዬ ገባሁ። ጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ!

መረቡ ተገኘ፣ ላስቲኩ ግን ስድስት ብቻ። ሰባተኛው የለም። የሱቁ ባለቤት እትዬ ብርነሽ የሚበሉትን፣ ጥብስ ጥብስ የሚሸተውን ባርቤኪው ቺፕስ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉና ከረጢቱን ሰጡኝ።

«እንዲህማ አይደረግም» አልኩ።

ሽማግሌው ከረጢቱን ገልብጠው በጣታቸው ዳሰሱት። «ዘመዱ ነው፣ ስፊው» አሉኝ። እሳቸው አንድ በአንድ እያቀበሉኝ፣ እኔ እየወሰወስኩ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ ለጥቂት ጨረስን።

ዛሬ ደወሉልኝ።

«ልጆቹ ወደዱት። አንዷ ግን ‹ጠፈር ባርቤኪው ባርቤኪው ይሸታል እንዴ?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ሰባተኛው ድርብ ላይ ብቻ አልኳት።»

ከእንግዲህ «ስፌቱን ብቻ» ላለኝ ሰው... ስፌቱን ብቻ።