ከጌም ቤት ጋር የተካፈልነው ግድግዳ

ያን ጊዜ እኔ፣ ሚስቴና ልጃችን የምንኖረው ሚዛን ተፈሪ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በአንድ ረጅም የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ረጅም ስል በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ክፍሎች ማለቴ ነው። ከጎረቤት የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም ጣሪያው ድረስ አይደርስም። ጎረቤት ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምንለው ከተቀመጥንበት ሳንነሳ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ልጄ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ስትመለስ ምሳዋን በልታ፣ ከግድግዳው ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ትዘረጋለች። ሌላ ጠረጴዛም፣ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ሌላ ቦታም የለንም።

በዓመቱ መጨረሻ ብሔራዊ ፈተና አለባት። ካለፈች መሰናዶ ትገባለች። ከወደቀች ምን እንደሚሆን በሰፈራችን አይቻለሁ፤ ዓመት ሳይሞላ ወይ ሻይ ቤት ታስተናግዳለች ወይ ትዳራለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ያገኘሁትን እያነበብኩ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር። ስለዚህ የዚያች ልጅ ፈተና የእሷ ብቻ አልነበረም።

ከሚሊኒየሙ በኋላ በአንዱ ዓመት፣ ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ከግድግዳው ማዶ የነበሩት ሰዎች ወደ ቴፒ ሄዱና አንድ ወጣት ገባበት። ጅማ ተምሮ ሥራ ሳያገኝ የተመለሰ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ጌም ቤት ከፈተ። ጊዜውን በደንብ መርጧል። በቡና ወራት ከየገበሬው ማሳ ለቅመው የሚመለሱ ልጆች ኪስ ውስጥ ሳንቲም አይጠፋም።

በቴሌቪዥን የሚጫወቱትን ኳስ አውቀዋለሁ፤ በየሰፈሩ ነበር፤ ጩኸቱ የልጆቹ ጩኸት ነው። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። መሬት ላይ ቀስት የተሳለበት የፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀስቶች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሙዚቃው ይመታል፤ ልጁ ቀስቱን አይቶ በምቱ ልክ ምንጣፉን ይረግጣል። በትክክል ከረገጠ ሙዚቃው ይቀጥላል፣ የማይታዩ ሰዎችም ያጨበጭቡለታል። ደጋግሞ ከሳተ ሙዚቃው መሀል ላይ ብርጭቆ እንደተሰበረ ሆኖ ይቋረጣል፣ እነዚያው የማይታዩ ሰዎች «ኡኡኡ» ብለው ያዋርዱታል። ከዚያ ሌላው ተራውን ይይዛል፤ ያው ሙዚቃ ከመጀመሪያው ይነሳል።

ሙዚቃ አልኩት እንጂ ምን ብዬ እንደምጠራው ዛሬም አላውቅም። ከበሮው እንደ ሰው ከበሮ አይደለም። ሰው የሚመታው ከበሮ ይደክመዋል፣ ይተነፍሳል፣ ዘፋኙን ይሰማል። ይህ ማንንም አይሰማም። በላዩ ላይ ቀጭን የሴት ድምፅ፣ በየትኛው አገር ቋንቋ እንደሆነ እንጃ፣ የተቆነጠጠ ሕፃን ይመስል ይፈጥናል። ደህና፣ የሰው አገር ዘፈን ነው፣ የለመዱት ይወዱት ይሆናል። ያንገበገበኝ ዘፈኑ አይደለም። ዘፈንን መቅጫ ማድረጋቸው ነው። በእኛ አገር ሙዚቃ ለሰው የሚዘፈን ነው፤ ጨፋሪ እግሩ ቢደናቀፍ ዘፋኙ አያቋርጥበትም፣ ይልቅ ስሙን እየጠራ ያነሳሳዋል። እነዚህ ዘንድ ግን አንድ የሸኮ ገበሬ ልጅ፣ ለትምህርት ብሎ ቤት ተከራይቶ ከተማ የገባ፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ለቅሞ ባገኘው ሳንቲም ከፍሎ «ኡኡኡ» ይባላል። ሰው ቢለው ይጣላ ነበር። ማሽን ሲለው ግን እየሳቀ ተራ ይይዛል።

የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለን ሰው አያሰማህም፤ ልጄ ግን በዝናብ ታጠና ነበር። ዝናብ ጀምሮ አያቋርጥብህም፣ አይሰድብህም። ያኛው ነገር ግን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ይጀምራል፣ ይሰበራል፣ ይሰድባል፣ ይጀምራል። እኔ ራሴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እግሬ ሳላዘው የእነሱን ምት ይዞ ፔዳሉን ሲረግጥ አገኘዋለሁ። አንድ ሙሉ ኮሌታ አጣምሜ ፈትቼዋለሁ። እኔ ጎልማሳው እንዲህ ከሆንኩ ግድግዳው ሥር የተቀመጠችው ልጅ ምን ትሁን ብዬ ተቃጠልኩ።

ሄድኩ። ወጣቱ በሩ ላይ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ነገር ቀንሰው። ፈተና ያለባት ልጅ አለችኝ።»

«ጋሼ፣ ቀንሼዋለሁ እኮ። ከዚህ በታች ከቀነስኩት ልጆቹ ምቱን አይሰሙም።»

«ባይሰሙ ምን ይጎድላቸዋል?»

«ምንጣፉን ስተው የእርስዎን ግድግዳ ይረግጡታላ።» ከኋላው ያሉት ልጆች ሳቁ። «ደግሞ የእርስዎም መኪና ጠዋት ጠዋት ግድግዳዬን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ምን አልኩ? የጋሼ እንጀራ ነው ብዬ ዝም።»

«የእኔ መኪና የልጆች ሱሪ ነው የሚሰፋው።»

«የእኔ ደግሞ ሱሪውን ያስቀድደዋል። ሥራ እየፈጠርኩልዎ እኮ ነው፣ ፋዘር።»

ፋዘር አለኝ። ተመልሼ ስፌቴ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። የወጣቶችን ጉዳይ የሚከታተለው ሰው አስቀምጦ አዳመጠኝ፤ በዚህ አልወቅሰውም። ስጨርስ ግን ምን አለኝ?

«ጋሼ፣ እነዚህ ወጣቶች ተደራጅተው ሥራ የፈጠሩ ናቸው። ልጆቹም ጫት ቤት ከሚውሉ እዚያ ቢዘሉ አይሻልም?»

በዚያ ዘመን ይህ ነገር የማይከፍተው በር አልነበረም። የፊልም ቤት ጩኸት ቢሆን ከጫት ይሻላል፤ ከረምቡላው ከጫት ይሻላል። ልጆቻችንን የምንለካበት ሜትር ከጫት የጀመረ እንደሆነ የቱንም ልብስ ብንሰፋላቸው ያጥራል። ይህንኑ ነገርኩት። «ቤተ መጻሕፍትስ ከጫት አይሻልም? ለምን ከግድግዳዬ ማዶ እሱ አልተከፈተም?» አልኩት። ፈገግ አለ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። በመጨረሻ ከስድቤም ከፊቴም ለመገላገል ይመስለኛል፣ ወጣቱን ጠርቶ አስማማን፤ ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ልጆቹ ቀስቱን ብቻ እያዩ ይጫወታሉ። ወጣቱ ፊቱን ቢያጠቁርም ፈረመ።

አሸንፌ ገባሁ። ለልጄም ነገርኳት። «እሺ አባዬ» አለችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሆነ። ሙዚቃ የለም። ጭብጨባ የለም፣ «ኡኡኡ» የለም። እግር ብቻ። ወጣቱ ምንጣፉ ጭቃ እንዳይነካው ከሥሩ ጣውላ ደልድሎበት ኖሯል፤ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሙዚቃው እግሩን ሸፍኖት ነበር። ዱብ፣ ዱብ ዱብ፣ ዝም። ዱብ። ዝም። ዱብ ዱብ ዱብ። የተቆለፈበት ሰው በር የሚደበድብ ይመስላል። የጠረጴዛው እግር ሳይቀር ይሰማዋል። ቢሆንም ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ምን ብዬ ልክሰስ? እግራችሁን ቁረጡ ልላቸው ነው?

ሳምንቱ አልቆ ሌላው ገባ። አንድ ቀን ክር ልወስድ ስገባ ልጄ እርሳሱን ይዛ ግድግዳውን ታያለች። ከፊቷ የተከፈተው የሒሳብ መጽሐፍ ጠዋት ያየሁት ገጽ ላይ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጠበቅኩት ነው።»

«ማንን?»

«ይኼንን የሚረግጠውን ልጅ። አሁን ቀስቶቹ የሚበዙበት ቦታ ደርሷል። እዚህ ጋ ነው ሁሌ የሚሳሳተው።» ከማዶ ዱብ ዱብ አለና ቆመ። «ይኸው» አለች።

«አንቺ እዚያ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልገባሁም። በግድግዳው ነው የማውቀው። አባዬ፣ ሙዚቃው ሲኖር እኮ አልሰማውም ነበር። እንደ ዝናቡ ነበር። አሁን እግር ብቻ ሲሆን ዘፈኑን እኔ ነኝ የምሞላላቸው። እነሱ ይረግጣሉ፣ እኔ እዘፍናለሁ። ማቆም አልቻልኩም።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

በድፍረት አይደለም ያለችው፤ እውነቷን ነው። ወጣቱን፣ ቀበሌውን፣ ሚስቴን፣ ዩኒፎርም ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ ስለዚያች ልጅ ጥናት አናግሬአለሁ። እሷን አላናገርኳትም። የተበሳጨሁት ግን በራሴ ብቻ አይደለም፤ በራሴ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። አንድ አባት በልጁ ፈተና ዋዜማ በሁለት መጥፎ ድምፆች መካከል ምረጥ መባሉ አበገነኝ። ዝምታ ከምርጫው ውስጥ አልነበረም። ዝምታ በዚያ ሰፈር የሚከራይ ቤት እንደሌለው ያን ቀን ገባኝ።

ፈተናው እየቀረበ ነበር፤ ስለ ክብሬ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። መለኪያ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ሄድኩ። ወጣቱ ሲያየኝ ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ።

«ጋሼ፣ ዘግተነዋል እኮ። ይግቡና ያዳምጡ።»

«አውቃለሁ። ክፈተው።»

«ምን አሉኝ?»

«ሙዚቃውን ክፈተው።»

ልጆቹን ዞሮ አየና «ዝም በሉ፣ ጋሼ ዘፈን እየመረጡ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም፤ ፊቴን አይተዋል መሰለኝ። ወጣቱም ቀልዱን ተወ።

«ፈርሜአለሁ እኮ። ነገ ደግሞ ከሰውኝ ቤቱ ቢታሸግብኝስ? ቀበሌ ይሂዱና ራስዎ ይንገሯቸው።»

ልክ ነው። ቀበሌ ሄድኩና ሦስት ጊዜ ያስቸገርኩትን ሰው አራተኛ አስቸገርኩት። ነገሩን ሲሰማ ብዕሩን አስቀምጦ ረጅም ሳቅ ሳቀ። «በዚህ ቢሮ ድምፅ ይጨመርልኝ ብሎ አቤት ያለ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» አለኝ። የፈረምነውን ወረቀት አስቀድጄ ወጣሁ።

ያን ቀን ከሰዓት ሙዚቃው ተነሳ። ያች የተቆነጠጠች ድምፅ፣ ያ የማይተነፍስ ከበሮ፣ የብርጭቆው ስብራት፣ ስድቡ። በር ላይ ቆሜ ልጄን አየኋት። ለጥቂት ጊዜ ቀና ብላ አዳመጠች፤ ከዚያ መጽሐፉ ላይ አጎነበሰች። እርሳሱ መሄድ ጀመረ። ገጽ ገለጠች። እኔ ግን በረንዳ ላይ ያንን «ኡኡኡ» በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን አፋጭ ነበር።

አለፈች። መሰናዶ ገባች። ውጤቱ በተሰማ ሳምንት ወጣቱ በጌም ቤቱ በር ላይ ሆኖ ላለፈ ላገደመው «ጎረቤታችንን ያሳለፋት የእኛ ሙዚቃ ነው፤ አባቷ ራሱ ቀበሌ ድረስ ሄዶ ያስከፈተው» እያለ እንደሚያወራ ሰማሁ። ሰዎች ዩኒፎርም ሊያሰፉ ሲመጡ እውነት ነው ወይ ይሉኝ ጀመር። አንዷ እናት እንዲያውም ለወንድ ልጇ እዚያ አካባቢ ክፍል እንድፈልግላት ጠየቀችኝ።

ማስከፈቱን አልክድም፤ አስከፍቻለሁ። ያለፈችው ግን በጭንቅላቷ ነው፤ በዚያ ሙዚቃ ሳይሆን ከዚያ ሙዚቃ ጋር እየታገለች ነው። ይህንን በሩ ላይ ቆሜ፣ ልጆቹ እየሰሙ ለወጣቱ ነገርኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ድምፁን ቀነሰልኝ። ንግግሬን ስጨርስ መልሶ ጨመረው።