ለእትዬ ዘይነባ የሰጠሁት የውሃ ተራ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ለንስሐ አባቴ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ሐሜቴን ሁሉ አወጣና እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይታሰራል። “ሌላስ?” ይሉኛል። “ሌላ የለም አባቴ” እላለሁ። አንተ አንባቢዬ ግን አታውቀኝም፤ ነገ መንገድ ላይ ብታገኘኝ ዝም ብለህ ታልፈኛለህ። ላንተ ለመናገር የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል። በድያለሁ። የበደልኩትም ሰው ደግ ነህ እያለ መርቆኛል።

ቤቴ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ግርጌ፣ ቦርከና ዳር ነው። ልጅ ሳለሁ የማውቀው ቦርከና ዛሬ የሚፈሰው በሕልሜ ብቻ ነው። በሕልሜ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ከታች ጠጠሩ ይታያል፤ አምባዛው ከድንጋይ ሥር ብቅ ብሎ ይመለሳል። የአኻያው ጥላ ውሃው ላይ ተኝቶ ይወዛወዛል፤ እናቴ እንስራዋን ሞልታ ቀና ስትል ፊቷ ላይ የውሃው ብርሃን ይጫወታል። እኔ ደረቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ አይበርደኝም። ከዚያ ውሃው ከእግሬ በኩል ቀለም እያወጣ ይመጣል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ እናቴም አትታየኝም። ሁልጊዜ እዚያ ላይ እነቃለሁ።

ወንዙ እንደ ሰው ጠባይ ነበረው። ክረምት ከደሴ ተራሮች ጭቃ አዝሎ እየጮኸ ይወርዳል፤ በጋ ሲሆን የተቆጣበትን የረሳ ይመስል ዝም ብሎ በሸምበቆው መሃል ያልፋል። ከተሞቹ ሲያድጉ ጠባዩ ተለወጠ። ደሴ የጣለችውን ፌስታል ይዞልን ይመጣል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ቀለም ትጨምርበታለች። አንዳንድ ጠዋት አረንጓዴ፣ አንዳንድ ጠዋት የቀይ ሥር ቅቅል የመሰለ ሆኖ ይደርሳል። የሰፈሩ ልጆች “ዛሬ ቦርከና ምን ለበሰ?” እያሉ ለማየት ይሮጡ ነበር። እኛ ትልልቆቹ እንስቅ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን እንደለበሰ ግን ከሁሉም ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ያለበስኩት እኔ ነበርኩና።

ኮምቦልቻ ውስጥ ክር የሚነከርበት አንድ ትንሽ ቤት ነበር። ዛሬ ተዘግቶ በሩ ዝጓል፤ የሚያስታውሰውም ብዙ ሰው የለም። እዚያ ገንዳ አጣቢ ነበርኩ። ያገለገለው ውሃ ይጠራቀምና ሲሞላ በቱቦ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ግን ገንዳዎቹ በኮስቲክ ይታጠባሉ፤ ያለ ጓንት ከነኩት የእጅ ቆዳ የሚልጥ ነገር ነው። በዚያ ቀን የሚለቀቀው ውሃ ሌላ ነው። አመሻሽ ላይ ከተለቀቀ ንጋት ላይ የእኛ ቦይ አፍ ይደርሳል። ይህን ከሰፈራችን ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በእኛ ዘንድ በጋ ላይ ማሳ የሚጠጣው በተራ ነው። ተራውን የሚያከፋፍል የውሃ አባት አለ፤ ያኔ የውሃ አባታችን ጋሽ ይመር ነበሩ። ተራው የደረሰው ሰው ወይ ያጠጣል ወይ ለሌላ ይሰጣል። ዝም ብሎ ካሳለፈው ውሃ እያለ ሰው አስጠምቷልና የሚቀጥለው ተራው ይዘለላል። ተራውን ለሌላ የሰጠ ግን ምንም አይቀርበትም፤ እንዲያውም እስላሙም ክርስቲያኑም ስሙን በደግ ያነሳዋል። ጥማት በበዛበት ወር ተራን መስጠት ከሁሉ የበለጠ ስጦታ ነው። ይህን ሕግ የሠሩት ሰዎች ውሃ ራሱ ይጎዳል ብለው አላሰቡም። እንዴት ያስቡ?

ያን ጊዜ ቲማቲሜ ማበብ ጀምሮ ነበር። ተራዬ በማግስቱ ንጋት ነው። ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ መጥቶ “ገንዳዎቹን በኮስቲክ እጠቡ፣ ዛሬ ይለቀቃል” አለን። ጓንቴን እያጠለቅሁ ማሳዬን አሰብኩ። ካጠጣሁት ይነዳል። ካላጠጣሁት የሚቀጥለው ተራዬም ይዘለላል፤ አበባው እስከ ሦስተኛው ተራ አይቆይም። ለጋሽ ይመር “ነገ ቦዩን ያስዘጉት” ብላቸው ምክንያቱን ይጠይቁኛል፤ ወሬው ኮምቦልቻ ይደርስና እባረራለሁ። እንዲህ እያሰብኩ ገንዳውን አጠብኩ። ቱቦውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ከፈትኩት። ውሃው እያጓራ ሲወርድ መፍትሔው መጣልኝ፤ በጣም ቀላል ስለነበር ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ።

እትዬ ዘይነባ ጎረቤቴ ነበሩ፤ አጥር ለአጥር ነን። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድሞች መሬቱን ለኛ ልቀቂ፣ ሴት ብቻዋን ቦይ አታዞርም እያሉ አላስቀምጥ ብለዋቸዋል። እሳቸውም “ይህ ሽንኩርት ይድረስና ያኔ እንነጋገር” ብለው አፋቸውን አስይዘዋቸዋል። ሽንኩርቱ ማኮረት ጀምሯል፤ ተራቸው ሩቅ ነው፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ያ ሽንኩርት ከጠፋ ቤታቸውም፣ ከጓሯቸው ማዶ ያለው የባላቸው መቃብርም ከእጃቸው ይወጣል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ፀሐይ ሳትጠልቅ በራቸው ላይ የቆምኩት።

“እትዬ ዘይነባ፣ የነገውን ተራ እርስዎ ያጠጡ፤ የኔ መሬት እርጥብ ነው” አልኳቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። “ወላሂ? ያንተስ ቲማቲም?”

“ይደርሳል።”

“አላህ ጀዛህን ይክፈልህ የኔ ልጅ! ልጆችህን ያሳድግልህ!”

“አሜን” አልኩ። ልብ በል፣ አሜን ብያለሁ።

ያን ንጋት እስክሞት አልረሳውም። ወንዙ ላይ ስስ ጉም ተኝቷል፤ ሸምበቆው እኩሌታው ብቻ ይታያል፤ ዓለም ሁሉ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ይመስል ነበር። አጥሬ ሥር ቆሜያለሁ። እትዬ ዘይነባ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ሸብ አድርገዋል፤ አካፋቸውን ይዘው በትልሞቹ መሃል እየተመላለሱ መንዙማ ያንጎራጉራሉ። ውሃው ቀስ እያለ ገባ። በዚያ በደብዛዛ ብርሃን ቀለሙ አይታይም፤ የሚታየው ማብረቅረቁ ብቻ ነው። እንዴት ያለ ውብ ጠዋት ነበር! አንድ ቃል ይበቃ ነበር። “ይዝጉት” ብል ይበቃ ነበር። ምን ያዘኝ? ቲማቲም? የገንዳ አጣቢነት ሥራ? ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም አወዛወዝኩላቸው። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ቁርሴን በላሁ።

ፀሐይ ስትወጣ ትልሙ ላይ አረፋ ቀርቶ ነበር። የልብስ ሳሙና ነው ብለው አለፉት። ጥቂት ቀን ቆይቶ የሽንኩርቱ ጫፍ ነጣ፣ ቅጠሉ ተኛ፣ መሬቱም ነጭ ቅርፊት አበጀ። እትዬ ዘይነባ በትልሞቹ መሃል ተቀምጠው አንድ አንዱን እየነቀሉ ሲያገላብጡት አየሁ። አላለቀሱም። የባላቸው ወንድሞች መጡ፤ ብዙ መናገር አላስፈለጋቸውም። እትዬ ዘይነባ መሬቱን ለቀው፣ ደሴ ሆጤ ወደምትኖረው ልጃቸው ሐዋ ቤት ሄዱ። የሄዱ ዕለት አካፋቸውን ይዘው ደጃፌ ድረስ መጡ። “ላንተ ይሁን” አሉኝ። “በጥማት ጊዜ ውሃ የሰጠኝ አንተ ብቻ ነህ።” ተቀበልኳቸው። ቲማቲሜ በዚያ ዓመት እጅግ ያማረ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አለፈ። የቀለሙ ቤት ተዘጋ፤ እኔም ወደ እርሻዬ ተመለስኩ። ወንዙ ግን አልተመለሰም። አሁን ቀለም እንኳ መርጦ አይለብስም፤ እንዲሁ ግራጫ ሆኖ ይፈሳል፤ ልጆችም ሊያዩት አይሮጡም። ቦዩን የምከፍተው በእትዬ ዘይነባ አካፋ ነው። እጀታውን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።

ባለፈው በጋ ሐዋ ደወለችልኝ። እናቷ ታመው ተኝተዋል፤ ስሜን ጠርተው ታደሰን ጥሩልኝ እያሉ ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሚኒባሱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ቃሎቼን አዘጋጀሁ፤ በመስኮቱ ወንዙ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየቀጠነ ሄደ። ሆጤ ስደርስ እትዬ ዘይነባ የተኙባት ክፍል ከአንድ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነበረች። ከታች በፌስታልና በድንጋይ መሃል ቀጭን ውሃ ይንሿሿል።

“ትሰማዋለህ?” አሉኝ። አንሰዋል፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የቀረው። “ወደናንተ ነው የሚወርደው። ሁልጊዜ ሰላም በልልኝ እለዋለሁ።”

“እትዬ፣ አንድ ነገር...” ብዬ ጀመርኩ።

“ቆይ፣ እኔ ልቅደም። ጉልበቴ ሳያልቅ” አሉና እጄን ያዙ። “ታደሰ፣ አፉ በለኝ።”

“ምን በድለውኝ?”

“ያኔ ሽንኩርቴ ሲነድ፣ ይህ ልጅ ከቀለሙ ቤት ነው የሚውለው፣ ውሃውን አውቆ ነው የሰጠኝ ብዬ በልቤ አሰብኩ። ሸይጧን ነው መቼም። ዱዓ ሳደርግልህ እንኳ ይመጣብኛል። አንተ ከራስህ ቀንሰህ ሰጠኸኝ፣ እኔ ስንት ዓመት ስምህን በልቤ አቆሸሽኩት። ሐቅህን ይዤ አላህ ፊት መቅረብ ፈራሁ። አፉ በለኝ የኔ ልጅ።”

ሐዋ በር ላይ ቆማ ዕንባዋን ትጠርጋለች። ከታች ውሃው ይንሿሿል። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። እውነቱ በእትዬ ዘይነባ ከንፈር ላይ ወጥቶ ነበር፤ የኔ ሥራ አዎ ማለት ብቻ ነበር። እሳቸው ኃጢአት ብለው ስንት ዓመት የተሸከሙት የኔን ኃጢአት ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አሁንም እንደዚያ ንጋት አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

“አፉ ብያለሁ እትዬ” አልኩ። “ከልቤ።”

ከልቤ በል ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔ ጨመርኩት።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ፤ ፊታቸው ተፈታ፤ እጄን እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብዙም አልቆዩም። ቀብራቸው ላይ ሐዋ ለዘመዶቿ “በጥማት ጊዜ ተራውን የሰጣቸው እሱ ነው” ብላ አሳየችኝ፤ ሽማግሌዎች ተነስተው ትከሻዬን ሳሙኝ። አንገቴን ደፍቼ ተሳምኩ።

ሕመምተኛ ሰው ላለማስደንገጥ ነው እንድል ትፈልግ ይሆናል። አይደለም። ፈርቼ ነው። መጀመሪያ ተራዬ እንዳይዘለል ፈራሁ፣ ኋላ ደግነቴ እንዳይነጠቅ ፈራሁ። ሽንኩርቱን ያቃጠልኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እትዬ ዘይነባን ግን ሁለት ጊዜ በደልኩ፤ ሁለተኛው ይከፋል። ካንተም ምሕረት አልለምንም። እንዳትሰጠኝም እለምንሃለሁ፤ ምሕረት እንዴት ባለ አፍ እንደሚሰጥ አይቻለሁና። ከሰው ሁሉ እውነቱን የደረሱበት እትዬ ዘይነባ ብቻ ነበሩ። ስለደረሱበትም ይቅርታ ለመኑኝ፤ እኔም ይቅር አልኳቸው።