አገር አለው የተባለው ሰው

ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ያለውን የታሸገ ሱቅ እዩ። በሩ ላይ የመንግሥት ማኅተም ታትሞበታል። አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። እናንተ ግን ቆማችሁ እዩት፤ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የአብዱረዛቅ ነው። አብዱረዛቅ የዓደን ሰው ነው፤ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። እንግሊዝን እናስወጣለን የሚሉ ሰዎች ገበያ መሐል ቦምብ ሲጥሉ ታናሽ ወንድሙ ዓሣ ሊገዛ እንደወጣ ቀረ። በማግሥቱ የእንግሊዝ ወታደር ሰፈሩን በሽቦ አጥሮ፣ ሐዘንተኛውንም ሌላውንም በሰደፍ እየነዳ ወሰደ። አብዱረዛቅ ሲለቀቅ ቤቱ ፈርሶ ጠበቀው። አብረውት ከታሰሩት ጎረምሶች ብዙዎቹ ግን ከእስር ወጥተው በቀጥታ ወደ ቦምብ ጣዮቹ ነው የሄዱት። እሱ ባሕሩን ተሻግሮ እኛ ዘንድ መጣ። ጨው፣ ላምባና ስኳር መሸጥ ጀመረ፤ ገለቴን አገባ፤ ሴት ልጅ ወለዱ። ኦሮምኛን ከአማርኛ ቀድሞ ነው የለመደው። "ኦቦ አብዱ፣ ሚዛንህ ዛሬም ጾመኛ ነው?" እያሉ ደንበኞቹ ይተርቡት ነበር። እሱም ካንተ ሆድ ይሻላል፣ እሱስ ጾም ያውቃል ይላቸው ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ኅዳር የቡራዩ ግብር መቀበያ ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ። ከጣሊያን የተረፈ የእጅ ቦምብ ነው አሉ። ግብር አስከፋዮቹን አልነካም። የሞተው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ኢቲቻ ነው፤ ደሞዙ ልጆቹን የማያጠግብ ድሃ። ማን እንደጣለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ለምን እንደተጣለ ግን ሕፃን ያውቃል፤ በዚያ ዓመት ባለመሬቱ ትራክተር አምጥቶ ጭሰኞቹን ከነጎጇቸው ነቅሏቸዋል። አቤት ያሉትም ነገ ተመለሱ እየተባሉ ከርመዋል።

በኢቲቻ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ሲያንሾካሹክ አብዱረዛቅ ጮክ ብሎ ተናገረ።

"ቦምቡን የጣለው ጠላቴ ነው። ወንድሜን የገደለው የሱ ቢጤ ነው። መሬት የቀማውም ግን እጁ ንጹሕ አይደለም። መንግሥት ደግሞ አገሩን በሙሉ ከገረፈ ለቦምብ ጣዩ ወንድም ይወልድለታል።"

ገለቴ እጅጌውን ጎተተችው።

መንግሥትስ ምን አደረገ? ባለመሬቱን ጠየቀ? የተፈናቀለውን ሰማ? የለም! አውጫጭኝ ጠራ። ወንዱ ሁሉ አጥር ውስጥ ይገባና ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ ሽማግሌውም ተነሥቶ ወፌ እንዲህ አለች ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ለከብት ሌባ የወጣ ሥርዓት ነው፤ ለዚህ አመጡት። ጤፉ ደርሷል፣ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው እህሉ ረገፈ ይላሉ። ወረዳውን የሚገዙት ግራዝማች አሥራት ግን፣ ስም ካልመጣ ማጭድ የሚያነሣ የለም አሉ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ገርባ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። አብሯቸው የነበረ ሽማግሌ ኋላ እንደነገረኝ፣ ጓደኞቻቸውን ጥግ ይዘው መከሩ።

"የኛን ልጅ ብንሰጥ ይሰቅሉታል" አሉ። "አረቡ ግን አገር አለው። ቢበዛ መርከብ ላይ አሳፍረው ይሸኙታል።"

"ሱቁስ?" አለ አንዱ።

"ስኳሩን ጉንዳን ይጠብቅለታል።"

ሳቁ። ምሕረት ያደረጉ መስሏቸው ነበር።

ሲነጋ ኦቦ ገርባ ተነሥተው ወፌ አረቡ ነው አለች አሉ። ለግራዝማች ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው፤ ሬዲዮውም የሰሜኑን ሽፍታ የሚረዱት አረቦች ናቸው ሲል ከርሟል። የለቅሶውን ንግግር ጠቅሰው በመንግሥት ላይ እንዲህ ብለሃል ወይ አሉት። ብያለሁ አለ። እጁን የፊጥኝ አሰሩት። አጥሩ ተከፈተ፤ ሰዉም ወደ ጤፉ ሮጠ።

ገለቴ ልጇን አዝላ እስከ ኦቦ ገርባ አውድማ ድረስ ሄደች።

"ወደ አገሩ ይልኩታል ብለን ነው፣ ልጄ" አሏት።

"ወደ የቱ አገሩ፣ ኦቦ ገርባ? ወረቀቱን የሰጠው እንግሊዝ ነው፤ እንግሊዝ ደግሞ ዓደንን ለቆ ሄዷል። ደጅ የጠናሁበት ቆንስላ ሁሉ የኛ ሰው አይደለም አለኝ። የሚልኩበት ሲያጡ የት የሚያኖሩት ይመስልዎታል?"

ኦቦ ገርባ በሬዎቹን እየነዱ ማበራየታቸውን ቀጠሉ።

የሚልኩበት አጡ፤ አዲስ አበባ እስር ቤት አኖሩት። በሰኔ፣ እሱ እዚያው እንደታሰረ፣ በሰበታ መንገድ ሌላ ቦምብ ፈነዳ። የመንግሥት መልስ? ሌላ አጥር! አብዱረዛቅ አሁን ደም ያስለዋል። ለገለቴ አቤቱታ የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ አጥሩ ውስጥ ስላልነበርኩ ግን ምስክር ልሆን አልችልም፤ ዳኛው መዝገቡ ላይ ከወፍ ቃል በቀር ምስክር እንደሌለ አምነው፣ ከአጥሩ ውስጥ አንድ ሰው ቀርቦ ቢያስተባብል እሰማለሁ ብለዋል። እስካሁን የቀረበ የለም።

እናንተ አጥሩ ውስጥ የነበራችሁ የቡራዩ ሰዎች፣ ጤፋችሁን አስገብታችኋል። ቦምብ ጣዩን አምጡ አላልኋችሁም። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ብቻ ችሎት ፊት ቆሞ "አብዱረዛቅ ሲጥል አላየሁም፤ አየሁ ያለም አልሰማሁም" ይበል። እባካችሁ፣ በሕይወት ሳለ ኑ።